መደርደሪያው ጎበጠ ብላችሁ አትጣሉት፦ የተበላሸውን ክፍል ብቻ የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰፈር ለሰፈር ስትዞሩ አጥር ጥግ የተጣለ የቺፑድ መጽሐፍ መደርደሪያ አታጡም። ዝናብ ይመታዋል፣ ዶሮ ይሰፍርበታል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ግን ሙሉው አልተበላሸም። አንዱ አግዳሚ መሃሉ ላይ ጎብጧል። ወይም አንዱ ጎን ከግርጌው በውሃ አብጧል። ወይም ጀርባው ተገንጥሎ ዕቃው ይወዛወዛል። የቀረው ጤነኛ ነው። ባለቤቱ «የቻይና ዕቃ፣ ምን ይጠበቃል» ብሎ ሸኝቶታል።

ይሄ ነገር ያናድደኛል። ተገጣጣሚ ዕቃ ተፈትቶ በካርቶን የመጣ ነው። በብሎን የታሰረ ነገር በብሎን ይፈታል። ክፍሎቹም ቀጥ ያሉ አራት ማዕዘን ጣውላዎች ናቸው፤ ምንም የተለየ ጥበብ የለባቸውም። የሚያስቸግረው ቀዳዳው ነው። ቀዳዳዎቹን በትክክለኛ ቦታቸው ካስቀመጣችሁ የትኛውንም ክፍል መተካት ትችላላችሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይሄን ያዙልኝ፦ አሮጌው ክፍል አዲሱ ተገጥሞ እስኪያልቅ አይጣልም፣ አይማገድም። ዋናው መለኪያችሁ እሱ ነው።

እንዳንምታታ ስሞቹን ላስቀምጥ። ግራና ቀኝ የቆሙትን ጎኖች «ቋሚ» እላለሁ። መጽሐፍ የሚቀመጥባቸውን «አግዳሚ» እላለሁ። አግዳሚ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከቋሚው ጋር የታሰረ አለ (ላይኛው፣ ታችኛውና ብዙ ጊዜ መሃለኛው)፣ በትንንሽ ችንካሮች ላይ ተቀምጦ ከፍ ዝቅ የሚል አለ። ከኋላ የሚሸፍነው ስስ ሰሌዳ «ጀርባ» ነው። «ካም» የምለው ደግሞ አግዳሚው ውስጥ የተቀበረችውን፣ በካቻቢቴ ስትዞር የምትቆልፈውን ክብ ብረት ነው።

መጀመሪያ የታመመውን ለዩ

መጽሐፉን በሙሉ አውርዱ። ግማሹን አውርዶ መመርመር አያዋጣም፤ ጭነት ያለበት ጣውላ ችግሩን ይደብቃል።

ከዚያ ሲባጎ ውሰዱና በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ ከጫፍ ጫፍ ወጥሩት። መሃሉ ከሲባጎው ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ በማስመሪያ ለኩ። 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው አግዳሚ ላይ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ገልብጣችሁ መልሱት፤ የተወሰነ ጊዜ ያገለግላል። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ካለፈ ይቀየር። ቺፑድ ጭነት በተሸከመ ቁጥር ቀስ በቀስ መጉበጡን ይቀጥላል፤ ብታሳርፉትም ወደ ነበረበት አይመለስም።

ቀጥሎ ጎንበስ በሉና የቋሚዎቹን ግርጌ በጣታችሁ ዳብሱ። ውሃ የጠጣ ቺፑድ እንደ ቆረቆር ያለ ገጽ ያወጣል፣ ይወፍራል፣ ላሚኔቱ (የላዩ ስስ ሽፋን) ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ካበጠ በፀሐይ ብታደርቁትም አይሰበሰብም። ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ በአጠቃላይ ቆላው በኩል ያላችሁ ደግሞ ምስጥ እንዳይሆን በካቻቢቴ እጀታ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም የአፈር መንገድ ከታየ ጣውላ መቀየሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ምስጡ ከቤቱ ይውጣ።

በመጨረሻ ዕቃውን ከላይ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት። ከተወዛወዘ ወይ ጀርባው ለቋል ወይ ካሞቹ ላልተዋል።

አሁን ፍርድ ስጡ። ሁለቱም ቋሚዎች ከግርጌ እስከ ወገባቸው ካበጡ ልፋቱ አያዋጣም፤ ጤነኛ አግዳሚዎቹን ለመለዋወጫ አስቀሩና የቀረውን ተሰናበቱት። ከዚያ ያነሰ ጉዳት ሁሉ ይጠገናል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ

ሜትር፣ ስኳድራ፣ እርሳስ፣ ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የእንጨት ኮላ፣ ድሪል ከ3፣ 5፣ 7 እና 8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጋር። ድሪል ከሌላችሁ ተዋሱ ወይም ቀዳዳውን ብቻ ፈርኒቸር ቤት አስበሱት። አንድ ደግሞ ከቤት የማይጠፋ ነገር አለ፦ ወስፌ። ለስፌት የምትሆነዋ ወስፌ የቀዳዳ መሃል ለማመልከት የሚደርስባት የለም። እናታችሁን አስፈቅዱ እንጂ፤ ቺፑድ ላይ ጫፏ ከዶለዶመ የሚቀበላችሁ ቁጣ ቀላል አይደለም።

አፈታቱ

ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ከፊት፣ ከኋላና ከየማዕዘኑ ፎቶ አንሱ። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ በማይታየው ገጽ በእርሳስ ጻፉ፦ «ግራ ቋሚ፣ ፊቱ ወዲህ»፣ «2ኛ አግዳሚ፣ ላዩ ይሄ ነው»። ስንፈታው እናስታውሰዋለን ትላላችሁ። አታስታውሱትም።

ዕቃውን በፊቱ አስተኙት፤ ከሥሩ ብርድ ልብስ ወይም ካርቶን ይነጠፍ። ጀርባው በሚስማር ከተያዘ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በሰሌዳውና በቋሚው መካከል አስገቡና በየሚስማሩ አጠገብ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ከአንድ ጥግ ጀምሮ መገንጠል ጤነኛውን ጀርባ ይቀደዋል። አንዳንዱ ጀርባ በሚስማር ሳይሆን በቋሚው ውስጥ በተፈለፈለ ቦይ የሚገባ ነው። እሱ የሚወጣው ላይኛው አግዳሚ ከተፈታ በኋላ ተንሸራቶ ነው።

ካሞቹን ወደ ግራ ግማሽ ዙር ያህል አዙሩ። አብዛኞቹ ላይ ቀስት ወይም የመስቀል ምልክት አለ፤ ቀስቱ ወደ ጣውላው ጠርዝ ሲያይ ካሙ ክፍት ነው። አልዞርም ካለ አታስገድዱት። አንድ ሰው አግዳሚውን ወደ ቋሚው ጫን አድርጎ ይያዝላችሁ፤ ጭነቱ ሲቀልለት ይዞራል። ከተከፈተ በኋላ ክፍሎቹን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ከሳባችሁ በመጋጠሚያው ውስጥ የተቀበረው የእንጨት ችንካር ቀዳዳውን ይሰነጥቀዋል።

ብረታ ብረቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል፣ የየክፍሉን ለይታችሁ አስቀምጡ።

አግዳሚ መቀየር

አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ይሄ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ቶሎ የሚጎብጠው ለምንድን ነው? መጽሐፍ ከባድ ነው። አንድ ሜትር መደርደሪያ ጥቅጥቅ ብሎ ሲሞላ እንደ መጽሐፉ ዓይነት ከ20 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል። የትምህርት ቤት ደብተርና ልብ ወለድ ይቀላል፤ መዝገበ ቃላት፣ ባለ ቆዳ ሽፋን መጽሐፍ ቅዱስና የሕግ መጻሕፍት ይከብዳሉ። ለማነጻጸር፣ የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ አይኬአ የሚያመርተው «ቢሊ» የተባለው መደርደሪያ በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ነው። ጊሊስ ሉንድግሬን የነደፈው ሲሆን ገበያ ላይ የዋለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ነው። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቢሊ ኩባንያው የሚፈቅደው በአንድ አግዳሚ 30 ኪሎ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ስሙ የማይታወቅ ዕቃ ከዚያ ይበልጣል ብላችሁ አታስቡ።

ሁለተኛው ምክንያት ርዝመቱ ነው። በእኩል የተጫነ ጣውላ መጉበጡ የሚያድገው በርዝመቱ አራተኛ ርቢ ነው። በቀላሉ ስናስቀምጠው፣ 80 ሳንቲ ሜትር የነበረው 60 ቢሆን የሚጎብጠው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ውፍረቱም ያግዛል፤ 16 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ18 ብትተኩት ጥንካሬው በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በካም የታሰረ አግዳሚ ላይ ግን ውፍረት አትቀይሩ፤ የካሙና የቀዳዳው ልክ ይዛነፋል። በችንካር ላይ ለሚቀመጠው ተንቀሳቃሽ አግዳሚ ነፃ ናችሁ፣ 18 አድርጉት።

አለካኩ እንዲህ ነው። የጎበጠውን አትለኩ፤ ጤነኛ ወንድም አግዳሚ ካለ እሱን ለኩ። ርዝመቱን በሁለቱም ጠርዝ፣ ስፋቱን በሁለቱም ጫፍ ውሰዱ። ቋሚዎቹ መካከል ያለውን ክፍተትም ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩና በትንሹ ሥሩ። ተንቀሳቃሽ አግዳሚ ከክፍተቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ማጠር አለበት፤ አለዚያ ሲገባ የቋሚውን ላሚኔት ይፍቃል። የጠርዝ ባንድ (የተቆረጠው ጠርዝ የሚሸፈንበት ስስ ጥብጣብ) የሚለጠፍበት ከሆነ የባንዱን ውፍረትም ከልኩ ቀንሱ።

አንድ አንጋፋ አናጺ ወጣት ደንበኛውን ሲያስተምረው ሰምቻለሁ። «አንተ ልጅ፣ ወረቀቱን ተወውና ጣውላውን ተሸክመህ ና።» ትክክል ነው። ልኩን ጽፋችሁም ቢሆን አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቆራጩ አጠገቡ አስቀምጦ ሲያይ ውፍረቱን፣ ቀለሙን፣ ጠርዙ በየት በኩል ባንድ እንዳለው አይሳሳትም።

ሙሉ ቺፑድ ግን አትግዙ። የተለመደው ሰሌዳ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። ከእሱ 76 በ28 የሆነ አግዳሚ ብትቆርጡ 12 ይወጣል። ለአንድ አግዳሚ ብላችሁ ያንን ሁሉ አትሸከሙ። ፈርኒቸር ቤቶች ቁም ሳጥንና ኪችን ካቢኔት ሲሠሩ የሚተርፋቸው ቁራጭ አለ፤ እሱን ጠይቁ። ቀለሙ በትክክል ባይመሳሰል አዲሱን ከታች አድርጉትና አሮጌውን ወደ ዓይን ከፍታ አውጡት። ማንም አያስተውልም። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያላችሁ ደብረ ብርሃን ድረስ አስቆርጣችሁ በአውቶቡስ ጣሪያ ስታስጭኑ ጣውላው ተኝቶ ይታሰር፤ አራቱ ማዕዘኖችም በካርቶን ይጠቅለሉ። የቺፑድ ማዕዘን አንዴ ከተመታ ይፈረፈራል።

ራሳችሁ ቤት ውስጥ በመጋዝ መቁረጥ ካለባችሁ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ ይሁን። የመቁረጫው መሥመር ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ከዚያ በስለት መሥመሩን አስምሩ። እንዲህ ካደረጋችሁ ላሚኔቱ አይቦጨቅም።

ከቆረጣችሁ በኋላ አራቱንም ጠርዝ ሸፍኑ። ሰው ፊት ለፊት የሚታየውን ብቻ ያስለጥፋል። ክረምት ሲገባ እርጥበት የሚገባው ባልተሸፈነው ጠርዝ ነው። ኮላ ያለው ባንድ ካገኛችሁ እንፋሎት በሌለው ካውያ ቀስ እያላችሁ ተጭናችሁ ለጥፉት፣ ትኩስ እያለ በእንጨት እሹት፣ ትርፉን በምላጭ ከርክሙ። ለማይታየው ጠርዝ ባንድ ካጣችሁ ቫርኒሽ ወይም ዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት።

አዲሱም እንዳይጎብጥ የምመክረው አንድ ጭማሪ አለ። 2 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ደረቅ እንጨት ውሰዱ፤ ጥድ ይመረጣል፣ በደንብ የደረቀ ባሕር ዛፍም ይሆናል። አግዳሚው ሥር፣ በፊት ለፊቱ ጠርዝ በኩል፣ 4 ሳንቲ ሜትሩ ወደታች ቆሞ በኮላና በብሎን እሰሩት። ይቺ ቀጭን እንጨት ብቻዋን ከቺፑዱ ብዙ እጥፍ ትጠነክራለች። ተኝታ ከታሰረች ግን ጥቅሟ በጣም ይቀንሳል። የኋላ ጠርዙ ደግሞ በጀርባው በኩል በሦስት ወይም አራት ትንንሽ ሚስማሮች ይያዝ። ጀርባው ራሱ ይሸከምለታል።

ቀዳዳዎቹን ማዛወር

አግዳሚው የታሰረ ከሆነ አሮጌውን በአዲሱ ላይ አስተካክላችሁ አስተኙት። የፊት ጠርዝ ከፊት ጠርዝ ጋር፣ ጫፍ ከጫፍ ጋር። በሞርሰቶ አጥብቁት፤ ከሌለ ሁለት ሰው ይያዘው። ከዚያ በቀዳዳው መሃል ወስፌዋን ቀጥ አድርጋችሁ ምልክት አድርጉ። የካም ቀዳዳ ወደ ማዶ ስለማይዘልቅ መሃሉን በስኳድራ ከሁለት ጠርዝ ለክታችሁ ውሰዱ።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት ልክ ይሄ ነው፦ ካሙ የሚቀበርበት ቀዳዳ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ12 እስከ 14። ከጠርዝ እስከ መሃሉ ብዙ ጊዜ 24 ወይም 34 ሚሊ ሜትር ነው። የእንጨት ችንካሩ 8 ሚሊ ሜትር፣ የተንቀሳቃሽ አግዳሚ ችንካር 5 ሚሊ ሜትር። እነዚህን እንደ ፍንጭ ያዙ፣ ፍርዱን አሮጌው ጣውላ ይስጥ።

ስትበሱ ፑንታው ላይ የሚፈለገው ጥልቀት ድረስ ለክታችሁ ፕላስተር ጠቅልሉ። ፕላስተሩ ጣውላውን ሲነካ አቁሙ። 16 ሚሊ ሜትር ጣውላ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር መዘንጋት በማዶ ብቅ ማለት ነው።

ባለ 15 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ግርጌው ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ተራ ፑንታ አያወጣውም። የማጠፊያ ቀዳዳ የሚሠራ ፈርኒቸር ቤት መሣሪያው ስላለው ምልክት አድርጋችሁ ውሰዱለት። ከሌለ ካሙን ተዉት። በምትኩ 7 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነውን ወፍራም የቺፑድ ብሎን ከቋሚው ውጭ በኩል አስገቡ። ቋሚውን በ7 ፑንታ አሳልፉት፣ የአግዳሚውን ጠርዝ በ5 ፑንታ ብሎኑ እስከሚደርስበት ብሱት። ቀዳዳ ሳይበሳ ብሎን ከገባ ቺፑዱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይከፈታል። ጭንቅላቱ ከውጭ ይታያል፤ ውበት ካስጨነቃችሁ በፕላስቲክ ቆብ ሸፍኑት። እኔ ግን በጥንካሬው ከካሙ እመርጠዋለሁ።

ካም የተሰበረበትና ቀዳዳ የሰፋበት

ካም የሚሠራው ከዚንክ ቅልቅል ስለሆነ ከንፈሩ ይሰበራል። መለዋወጫው ርካሽ ነው፤ ፈርኒቸር መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች አሮጌውን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሰጧችኋል። ስፋቱ ብቻ ሳይሆን ቁመቱም ይመሳሰል። ውጭ ያለ ዘመድ የላከላችሁ የአይኬአ ዕቃ ከሆነ የመግጠሚያ ወረቀቱን አውጡ። ከእያንዳንዷ ትንሽ ብረት ሥዕል አጠገብ የክፍል ቁጥር አለ፤ ዘመዳችሁ በዚያ ቁጥር ጠይቆ በሻንጣ ጥግ ሊልክላችሁ ይችላል።

ካሙ ደህና ሆኖ ካልያዘ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቋሚው በሚወጣው የካም ብሎን ላይ ነው። ያቺ ብሎን አንገቷ የቋሚውን ገጽ እስኪነካ መግባት አለባት። አንድ ሚሊ ሜትር ወጥታ ከቀረች ካሙ የያዘ ይመስላል፣ ክፍተቱ ግን ይቀራል። ከነካ በኋላ ደግሞ ሩብ ዙር መጨመር የቺፑዱን ጥርስ ይበላዋል።

ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ እንዲህ ይድናል። ቀዳዳውን በ8 ፑንታ አጽዱት፣ ዱቄቱን ንፉ። 8 ሚሊ ሜትር የእንጨት ችንካር ኮላ ቀብታችሁ በመዶሻ አስገቡ፣ ከገጹ እኩል ቁረጡት። ሲደርቅ መሃሉን ለብሎኑ በሚስማማ ቀጭን ፑንታ ብሱት። ለትንሽ ብሎን ከሆነ የክብሪት እንጨት በኮላ ጠቅጥቆ መሙላትም ይሠራል። ለካም ብሎን ግን ክብሪት አትመኑ።

ስለ ኮላ አንድ የደጋ ነገር ልንገራችሁ። ነጩ የእንጨት ኮላ ቅዝቃዜ አይወድም። ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ውርጭ ሲሆን ማታ የለጠፋችሁት ኮላ ጠዋት እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ በጥፍር ስትነኩት ይፈረፈራል። አልያዘም ማለት ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ለጥፉ፣ ጣውላዎቹም ቀድመው ይሙቁ፣ ማታ ወደሚሞቀው ክፍል አስገቡት። ማግስቱን ጠብቁና ነው ጭነት የሚሰጠው። ሸዋ ሮቢት ላሉት ተቃራኒው ነው፤ ቶሎ ስለሚደርቅ ፈጠን በሉ።

ቋሚ መቀየር

እብጠቱ ከግርጌ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ አዲስ ቋሚ አያስፈልግም። ከታችኛው አግዳሚ በታች ያለውን የሁለቱንም ቋሚ ግርጌ እኩል ቁረጡና በምትኩ ወፍራም የእንጨት እግር ወይም ዙሪያውን የእንጨት መቀመጫ ሥሩለት። የተቆረጠውን ጠርዝ ዘይት ቀለም አጠጡት። ዕቃው ትንሽ ያጥራል እንጂ ይቆማል።

ሙሉ ቋሚ መተካት ካለባችሁ ዋናው ወጥመድ አቅጣጫው ነው። ግራና ቀኝ ቋሚ እንደ ግራና ቀኝ ጫማ ናቸው። የግራውን በቀኙ ልክ ከበሳችሁት ቀዳዳው በውጭ በኩል ይወጣል። የተበላሸው ግራ ከሆነ አሮጌውን ግራ እንደ መለኪያ ተጠቀሙ። እሱ እስከማይለካ ከተፈረፈረ ግን ጤነኛውን ቀኝና አዲሱን ጣውላ መሬት ላይ ጎን ለጎን አስተኙ፤ ውስጠኛ ገጻቸው ወደ ላይ፣ የፊት ጠርዛቸው ተነካክቶ። ከዚያ በረጅም ስኳድራ ወይም በቀጥ ያለ ጣውላ እያንዳንዱን ቀዳዳ ወደ አዲሱ አሻግሩ። ከፊት ጠርዝ ያለው ርቀት በሁለቱም እኩል ይሁን። ከመብሳታችሁ በፊት ሁለቱን እንደሚቆሙት አቁማችሁ ትይዩ ተመልከቱ።

ለተንቀሳቃሽ አግዳሚ የሚሆኑት ተከታታይ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ ከመሃል መሃል 32 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ ከፊት ጠርዝ 37 ሚሊ ሜትር ይገባሉ። በዓለም ዙሪያ የፈርኒቸር ማሽኖች የሚሠሩበት የተለመደ ልክ ስለሆነ ነው። አንድ በአንድ እየለካችሁ አትብሱ፤ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት እየተደመረ ይሄዳል፣ አግዳሚውም በአራት ችንካር ሳይሆን በሦስት ይቀመጣል። ቀጭን ጣውላ ወይም የብረት ላሜራ ላይ አምስት ስድስት ቀዳዳ በትክክል አውጡና እሱን እያንሸራተታችሁ ብሱ። የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ችንካር ሰክታችሁ ከያዛችሁት አይነቃነቅም። ሁሉንም ቀዳዳ ማውጣትም ግዴታ አይደለም፤ የምትፈልጉትን ከፍታና ከላይ ከታች ሁለት ሁለት ይበቃል።

ያበጠበትን ምክንያት ካላስወገዳችሁ አዲሱም ይከተላል። ወለል ሲወለወል ውሃ ከሥሩ ይገባል። ከአሮጌ በርባሶ አራት ቁራጭ ጎማ ቆርጣችሁ ከግርጌው ምቱበት፤ ከወለሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ በቂ ነው። ከግድግዳውም ሁለት ጣት ያህል ራቁት። ሐምሌና ነሐሴ የድንጋይም ሆነ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፤ ጀርባው ከተለጠፈበት መጽሐፉም አብሮ ይሻግታል።

ጀርባ መቀየር

ጀርባ ለውበት የተለጠፈ ይመስላል። ዕቃው ወደ ጎን እንዳይተኛ የሚይዘው ግን እሱ ነው። ብዙው 3 ሚሊ ሜትር ሃርድቦርድ ነው። ካጣችሁ ስስ ኮምፔርሳቶ ይተካዋል፤ በቦይ የሚገባ ከሆነ ግን የቦዩን ስፋት መጀመሪያ ለኩ።

አሰካኩ ላይ አንድ ሥራ አለ፤ ማዕዘን ማስያዝ። ዕቃውን በፊቱ አስተኙ፣ ካሞቹን ሁሉ አጥብቁ። ሁለቱን ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ። እኩል መሆን አለባቸው። ለምሳሌ 80 በ202 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ሁለቱም ሰያፍ 217 ሳንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። አንዱ ከረዘመ በረዘመው በኩል ያሉትን ሁለት ጥጎች ወደ መሃል ግፉ፣ እንደገና ለኩ። እኩል ሲሆን ጀርባውን አስቀምጡና መጀመሪያ አራቱን ጥግ ምቱ። አንዴ ደግሞ ለኩ። ከዚያ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ሚስማር። ሚስማሩ ትንሽ ዘንበል ብሎ ወደ ቋሚው መሃል ይግባ፤ ቀጥ ብሎ ከጠርዝ ቀርቦ ከተመታ ወደ ውስጥ ገጽ ብቅ ይላል።

መልሶ መግጠምና ከግድግዳ ማሰር

አገጣጠሙ የአፈታቱ ተገላቢጦሽ ነው። ሁሉንም ካሞች መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ ያዟቸው፣ ሁሉም ከገቡ በኋላ ነው የሚጠብቁት። የእንጨት ችንካሮቹን ኮላ ብትቀቡ በአግዳሚው በኩል ብቻ ይሁን፤ ያኔ ሌላ ጊዜም ይፈታል።

ቆሞ ውሃ ልክ ካሳያችሁ በኋላ ከግድግዳ እሰሩት። ልጅ ያለበት ቤት ይሄ ለድርድር አይቀርብም፤ ልጅ አግዳሚውን እንደ መሰላል ይወጣበታል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ፣ እኛም ጋ ረጅም መደርደሪያ አጠገብ የተኛ ሰው ምን እንደተሰማው ያውቃል።

ኤል ብረቱን (ዕቃውን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘውን የታጠፈ ብረት) ላይኛው አግዳሚ ላይ እሰሩ እንጂ ስሱ ጀርባ ላይ አይደለም። በግድግዳ በኩል እንደ ቤቱ ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ አንኳኩታችሁ የግድግዳውን ቋሚ እንጨት ፈልጉና ብሎኑን እሱ ውስጥ አስገቡ፤ ጭቃው ብቻውን ምንም አይዝም። ብሎኬት ከሆነ ባዶውን ክፍል ትታችሁ ድፍኑን ወይም መጋጠሚያውን በ8 ፑንታ ብሱና ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ) አስገቡ። ድንጋይ ከሆነ ድንጋዩን አትታገሉት፣ የሲሚንቶ መጋጠሚያው ላይ ብሱ። ሁለት ቦታ፣ ከግራና ከቀኝ። ከግድግዳ ያራቃችሁትን ሁለት ጣት ለመሙላት በኤል ብረቱ ሥር ቁራጭ እንጨት አስገቡ።

መጽሐፉን ስትመልሱ ከባድ ከባዱ ታችኛው ላይ፣ በየአግዳሚውም ከመሃል ይልቅ ወደ ቋሚዎቹ ጠጋ ብሎ ይደርደር።